ጎርጎራ ወርዳችሁ ወፍ ፎቶ ለማንሳት ካሰባችሁ

ጥምቀትን ከእናቴ ጋር ጎንደር አክብሬ የተረፈችኝን ሦስት ቀን ለወፎች ሰጠሁ። ስዊድን ውስጥ ትርፍ ጊዜዬ የሚያልቀው ወፍ ሲበር ፎቶ በማንሳት ነው። ጣና ግን ሌላ ነው። ያደግኩት ደንቢያ፣ የአጎቴ ማሳ ውስጥ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ወፍ እየጠበቅኩ ነው። ያኔ አባርራቸው ነበር። ዛሬ እንዳይሸሹብኝ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ፒያሳ ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ውሃ አለው፤ ጭቅጭቅ የለም።

ያቃጠለኝ አስጎብኚው ነው። መኪና፣ መሪና ሐይቁ ዳር ያለው መደበቂያ (ወፉ እንዳያይህ ተሸሽገህ ፎቶ የምታነሳበት ጎጆ) ተጠቃሎ በ9,000 ብር ተስማማን። ሌሊት 10 ሰዓት ከሆቴሉ በር ሊወስዱኝ ነው። ሰዓቱ ጨዋታ እንደማያውቅ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ጎርጎራ የጣና ሰሜን ዳርቻ ስለሆነ ወደ ውሃው የዞረ ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከግራ ትመጣና ክንፉን ታበራዋለች። ረፋዱ ላይ ግን ወደ ፊት ለፊት ትዞርና ወፉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። "ችግር የለም" አሉኝ።

10 ሰዓት ሆነ፣ የሉም። 11 ሆነ፣ ስልክ አይነሳም። ሲነሳ ደግሞ "ደርሰናል፣ ጎማ እያስተካከልን ነው።" መኪናው በር ላይ የቆመው 1 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ሌላ 40 ደቂቃ ቆምን። ጎርጎራ ስንገባ 4 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። እዚያ ስዊድን የንስር መደበቂያ የሚገባው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ወፉ ሰው እንዳያይ። እኔ በጠራራ ፀሐይ ገባሁ። ዳክዬው ሁሉ ብር ብሎ ሄደ።

ማታ ስመለስ "ካሜራው ትልቅ ነው" ተብሎ 3,000 ብር ተጨመረብኝ። የት ተጽፏል ብል መልስ የለም፤ ደረሰኝም የለም። ገንዘቡስ ይሁን። በገዛ አገሬ፣ በገዛ ቋንቋዬ እየተከራከርኩ እንደ ባዕድ ሲቆጥሩኝ ግን ሆዴ ባባ።

መደበቂያውን የሠራው የጎርጎራ ልጅ ይባረክ። ታንኳ በሚሠራበት በዚያው ደንገል ነው ያቆመው፤ የሌንሱ ቀዳዳ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ነው። ከ9,000ው ብር 500 ብቻ እንደደረሰው ነገረኝ። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ እሱ ሄድኩ፤ እዚያው አድሬ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን።

ሲነጋ ጭንቅላቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ሾላው ላይ ነበር። የካሜራውን ፍጥነት 1/3200 ሰከንድ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

"ጋሼ፣ ነፋሱ ከኋላችን ነው። ነፋሱን ተጋፍጦ ስለሚነሳ ወደኛ ነው የሚመጣው" አለኝ ልጁ በሹክሹክታ። ትንሽ ቆየና፣ "ኩሱን ጣለ፣ ሊነሳ ነው፣ አሁን!"

ተጫንኩት። ንስሩ ወደኛ መጣ፤ ጥፍሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ዓሣውን ይዞ ተነሳ። ፎቶው ላይ ከዓሣው ጭራ የሚንጠባጠበው ውሃ ጠብታ በጠብታ ይታያል። ፔሊካኖቹ አየሩ እስኪሞቅ ጠብቀው 3 ሰዓት ገደማ እየተሽከረከሩ ወጡ። እነሱንም አገኘኋቸው።

ልጁ ለቀኑ የጠየቀኝ 1,200 ብር ነው። መደበቂያው ሁለት ሰው ይይዛል። መቀመጫው ግንድ ስለሆነ የሚነጠፍ ነገር ያዙ፤ ሌሊት ሐይቁ ዳር ይበርዳልና ጋቢም አትርሱ።