ፔትሮሴፋለስ ወይስ ፖሊማይረስ?

ዝሆን ዓሣ ሲባል ኩምቢ የሚጠብቅ ሰው ከዝሆን ዓሦች ወገን በሆኑት በእነዚህ ሁለት ትንንሽ የአፍሪካ ዓሣ ወገኖች ግራ መጋባቱ አይቀርም። ኩምቢ የሚባል ነገር የላቸውማ!

እኔ መጀመሪያ የማየው አፍንጫቸውን ነው። ዓሣውን በጎኑ አስተኝታችሁ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። በፔትሮሴፋለስ ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ዓይኑ አጠገብ ተለጥፈዋል። በፖሊማይረስ ግን ተራርቀዋል። አፉስ? የፔትሮሴፋለስ ከድቡልቡል ግንባሩ በታች፣ ዓይኑ ሥር ተደብቋል። የፖሊማይረስ ወደ ፊት ቀረብ ይላል።

ቀለምን ብዙም አትመኑ። አንዳንድ ፔትሮሴፋለሶች ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጥብ አላቸው፤ ሌሎቹ የላቸውም።

ሁለቱም ደካማ ኤሌክትሪክ ይረጫሉ፤ የኤሌክትሪክ ምቱ ቅርጽ ዝርያን ለመለየት ይረዳል፣ ምቱን የሚቀዳ መሣሪያ ካላችሁ። ከፖሊማይረስ ዝርያዎች አንዱ የሆነው የፖሊማይረስ ኢሲዶሪ ወንድ ደግሞ ሌሊት ሴቷን ለመሳብ በድምፅ ያጉረመርማል።