ጊታሬን ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ይዤው ሄድኩ

ሱቋ ስም የላትም። ፒያሳ የነበረችው ስትፈርስ ጠጋኙ ጋሼ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ሽሮ ሜዳ መንገድ ወጡ። አሁን ያሉበት ክፍል ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ግድግዳው እስከ ጣሪያው የሬዲዮ፣ የቴፕና የቴሌቪዥን ሬሳ ነው። ጊታር የሚባል ነገር አንድም አላየሁም። ልመለስ ነበር።

መጀመሪያ ችግሬን ላስረዳ። ሳምንቱን ሙሉ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ። ጊታሬ ስኳየር ስትራቶካስተር የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። አምፔ (ድምፅ ማጉያዬ) ደግሞ ፌንደር ብሉዝ ጁንየር፣ 15 ዋት፣ በቲዩብ፣ ማለትም እንደ ድሮ ሬዲዮ በመስታወት ቫልቭ የሚሠራው። አክስቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ከሁለቱ 23 ኪሎዎቿ አንዱን ለሱ ሰጠችልኝ። ክብደቱ 14 ኪሎ ገደማ ነው። በቀረው ኪሎ ዙሪያውን ፎጣና ቫይታሚን ጠቅጥቃ በካርቶን አመጣችው። እግዜር ይስጣት።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ተሟልቶ ድምፄ አያምርም ነበር። ይጮሃል። ትዝታ ስትጫወቱ በሁለት ስንኝ መሃል ያለችውን ዝምታ ታውቋታላችሁ፤ ዜማው ያለው እዚያች ውስጥ ነው። እኔ ዝም ስል አምፔ ዝም አይልም። ዝዝዝዝ። አንድ ማታ ከፊት የተቀመጡ ሰውዬ አስተናጋጁን ጠርተው «ፍሪጁ ነው እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ።

እንደ ማንኛውም ጊታሪስት መጀመሪያ ያደረግኩት ገንዘብ ማውጣት ነው። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ «ኦሪጅናል ፒክአፕ ካላስገባሽ አይስተካከልም» አለኝ። ፒክአፕ ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚለቅመው ማግኔት ነው። 14,000 ብር ከፈልኩ። ዝዝታው ንቅንቅ አላለም። ተመልሼ ስሄድ ሻጩ ኖይዝ ጌት የሚባል ፔዳል አወጣልኝ። ሞከርኩት። ድምፁ ሲደክም ጠብቆ በሩን ይዘጋል፤ ጩኸቱ ይጠፋል፣ አብሮት ግን የኖታው ጭራ ይቆረጣል። ለሮክ ይሆን ይሆናል። የሮሃ ባንዱን የሰላም ስዩምን ጊታር እየሰማ ላደገ ሰው፣ እያንዳንዱ ኖታ እንደ ክራር ክር ለብቻው ካልተሰማ ምን ዋጋ አለው? ፔዳሉን አልገዛሁም።

ወደ ጋሼ የላከኝ የባንዳችን ቤዚስት ነው። ጊታሩን ሳሳያቸው የፒክአፑን ዓይነት አልጠየቁም። «ክሩን ስትነኪው ጩኸቱ ይቀንሳል?» አሉኝ። አይቀንስም። «የገመዱን ብረትስ ስትነኪ?» ነካሁት። ቀነሰ። ካቻቢቴ አነሱና የጊታሩን ጀርባ ከፈቱ። ስፕሪንጎቹን የያዘውን ብረት በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ይኸው» አሉ። ክሮቹን ከኤርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መስመር) ጋር የምታገናኘው አንዲት ቀጭን ሽቦ ከዚያ ብረት ተነቅላ ተንጠልጥላለች። ማን እንደነቀላት አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ስፕሪንግ ስቀይር የነበርኩት እኔ ነኝ። 14,000 ብሬን አስቡልኝ።

መበየድ ሁለት ደቂቃ ወሰደ። ሥራው አበቃ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት «አምፑስ?» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ለብዙዎቻችን የሚጠቅም ነውና። ክሩ በጊታሩ ገመድ በኩል ወደ አምፑ ብረት ይሄዳል፣ አምፑ ደግሞ በሶኬቱ ሦስተኛ እግር ወደ ሕንፃው ኤርዝ። የኔ አምፕ የአሜሪካ ስለሆነ 120 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ በትራንስፎርመር ነው የማሠራው። ያ ትራንስፎርመር ግድግዳው ላይ የሚሰካው በሁለት እግር ነበር። የአምፑ ሦስተኛ እግር ትራንስፎርመሩ ውስጥ ይገባና የትም አይደርስም። ጋሼ ቴስተራቸውን አወጡ። አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የሱቋ ኤርዝ ላይ አደረጉ። ቁጥሩ 100 ቮልት አካባቢ ቆመ። «ከንፈርሽን ማይክ ነዝሮሽ ያውቃል?» አሉኝ። ነዝሮኝ ያውቃል። ሙዚቀኛ የሆነ ሁሉ ነዝሮታል፤ እየሳቅን ነው የምናወራው። እሳቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ ባለ ሦስት እግር ካላመጣሽ ይሄን አልነካም» ብለው አምፑን ወደኔ ገፉት።

ተናድጄ ወጣሁ። በሳምንቱ ኤርዙ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ትራንስፎርመር ገዝቼ ተመለስኩ። የምንጫወትበት የሆቴሉ ላውንጅ ውስጥም ኤርዝ ያለውን ሶኬት አስፈልጌ አገኘሁ፤ ከመድረኩ ጀርባ አንድ ብቻ ነበር። አሁን ማይኩም የኔም አምፕ ከሱ ነው የሚነሱት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጣፋጭ ሥራ ነው። ከአካባቢው የሚለቀመውን ዝዝታ እንዲከልል የጊታሩን ሆድ በወጥ ቤት ፎይል ለበጡት። የመዳብ ፕላስተር ይሻላል፤ ግን እሱን ፍለጋ ከተማ ከምዞር ብለው ነው። ፎይል ላይ መበየድ ስለማይያዝ ሽቦውን በብሎን አሠሩት። መሰኪያው ፎይሉን ነክቶ ድምፁን እንዳይገድል በጥቁር ፕላስተር ሸፈኑት። የጊታሩን ቮልዩም ስቀንስ ድምፁ ይታፈናል፣ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ከአንድ የሞተ ቴፕ ሆድ ውስጥ 0.001 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነቅለው፣ ጎን ለጎን አድርገው ቮልዩሙ ላይ በየዷቸው። ቀጭኑ ድምፅ በካፓሲተሩ በኩል ሾልኮ ያልፋል። አሁን ቮልዩሙን ወደ 5 አውርጄ አጅቤ፣ ሶሎ ስደርስ ወደ 9 ከፍ አደርጋለሁ። የድምፁ ጠባይ አይለወጥም፤ ጉልበቱ ብቻ ይጨምራል።

ባለ 10 ሜትር ገመዴንም አስጣሉኝ። ገመድ ራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ይይዛል፣ በረዘመ ቁጥር ቀጭኑን ድምፅ ወደ ኤርዝ እያፈሰሰ ይበላል። 5 ሜትር ይበቃኛል። መድረካችን እኮ ከአልጋ ብዙም አይሰፋም።

በቲዩብ ጉዳይ ተጣልተናል። እኔ 12ኤኤክስ7 እላለሁ፣ እሳቸው «የለም፣ ኢሲሲ83 ነው የሚገባው» ይላሉ። ስልኬን አውጥቼ ልረታቸው ስል አንድ ዕቃ ሆኖ አረፈው፤ አንዱ የአሜሪካ ስሙ፣ ሌላው የአውሮፓ። ኃይል የሚሰጡትን ሁለቱን ኢኤል84ቶች ግን ሲያዩ ፊታቸው በራ። በድሮ የቤት ሬዲዮ ውስጥ ስንት ዘመን የቀየሩት ቫልቭ ነው። ለካ አምፔን ከኔ በፊት ያውቁት ነበር።

ደግሞ አደራ፣ ከቤት ሆናችሁ አምፕ እንዳትከፍቱ። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል። ጋሼ ምንም ሳይነኩ በፊት በሬዚስተር አፍስሰው በቴስተር ያረጋግጣሉ።

ጥሩ ጥሩውን ነገርኳችሁ። «ማክሰኞ ውሰጂ» ያሉኝን ሦስት ሳምንት አቆዩት። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም። ብየዳቸው ይይዛል፣ ግን ታኝኮ የተለጠፈ ማስቲካ ነው የሚመስለው። «አንገቱንም ላስተካክልልሽ» ሲሉ ጊታሬን ከእጃቸው ነጥቄያለሁ፤ ለሱ ሥራ ጊታር የሚጫወት ሰው ነው የሚያስፈልገው። ጩኸቱም ከነጭራሹ አልጠፋም። እንደኔ ያለ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከትራንስፎርመር አጠገብ ከቆመ እምምም ማለቱ አይቀርም፣ ፎይል ያንን አይከለክልም። እኔ ሁለት ሜትር ርቄ ጎኔን ሰጥቼ እቆማለሁ። ወይ የፒክአፕ መምረጫውን ሁለት ፒክአፕ አብረው በሚሠሩበት በሁለተኛው ወይ በአራተኛው ቦታ ላይ አደርጋለሁ፤ የኔ ጊታር መሃለኛው ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠመጠመ ስለሆነ ሁለቱ እምምምታቸውን ያጣፋሉ።

ለሁሉም 2,500 ብር ከፈልኩ። ትራንስፎርመሩ ለብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓርብ አምፑን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ጆሮዬ አቀናሁት። የአምፑ ቮልዩም 4፣ ማስተር 8፣ ሪቨርብ በጣም ትንሽ። ኪቦርዲስታችን ዞር ብሎ «አምፕሽን አላበራሽም እንዴ?» አለኝ። ባቲ ጀመርኩለት።

አንድ ነገር ቀርቷል። የጊታሩን የታችኛውን የቶን ማዞሪያ በተቃራኒ ነው የበየዱት፤ ወደ ግራ ነው የሚከፈተው። ላስመልሰው ስሄድ ሱቋ ተዘግታ አገኘኋት፣ ጎረቤታቸው «ለቅሶ ሄደዋል» አሉኝ። ያ ከሆነ አራት ወር አለፈ። እጄ ለምዶታል፤ አሁን የሰው ጊታር ሳነሳ ነው የምሳሳተው።