ዓለምን በማይል መዞር፦ በአንድ ትኬት ወይስ በየብቻው?

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ከእህቴ ጋር መስመሩን ወረቀት ላይ ሣልነው፦ አዲስ አበባ፣ ባንኮክ፣ ቶኪዮ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፍራንክፈርት፣ አዲስ አበባ። ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት፣ ሁሉንም በማይል፣ ማለትም በመብረር በሚጠራቀም ነጥብ መሄድ ይቻላል። የእኛም አየር መንገድ አባል ነው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ።

ጉዞውን በሙሉ በአንድ የሚይዘው የዓለም ዙሪያ ትኬት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወይ ምሥራቅ ወይ ምዕራብ። አትላንቲክንም ፓስፊክንም የምትሻገሩት አንዴ ነው። አንዱን በረራ ከዘለላችሁ የቀረው ሊሰረዝባችሁ ይችላል። ይህን ትኬት የሚሰጡት ደግሞ አንዳንድ የማይል ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው። ግን አንዱ በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ሲያመልጣችሁ፣ ሌላ የመፈለጉ ጣጣ የአየር መንገዱ ነው።

በየብቻው ስትቆርጡ ርካሹን በብር፣ ውዱን በማይል ትከፍላላችሁ። ካመለጣችሁ ግን ኪሳራው የራሳችሁ ነው።

እኔ አንዱን ትኬት እመርጣለሁ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚያደርሳችሁን በረራ ለብቻው ከቆረጣችሁ ግን፣ እባካችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ።