የጃክሰን ላቦራቶሪ አይጦች፦ ለካንሰር አምጪ ኬሚካል ሙከራ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

ቤተ ሙከራችን ውስጥ አይጥ የማዝዘውም የምረከበውም እኔ ነኝ። አሜሪካ ላብ የገቡ የአገሬ ልጆች «የትኛውን እንዘዝ?» እያሉ ስለሚደውሉልኝ እዚሁ ልጻፈው።

ጃክሰን የምርምር አይጥ አራብቶ የሚሸጥ ተቋም ነው፤ ያለው ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር ነው፤ ከ1929 ጀምሮ እዚያው ነው። አላኪያቸው ጥሩ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ምግብ አለ፣ በውሃ ፋንታ ደግሞ ጄል። እኔ የምወደው ግን ላዩ ላይ ያለውን ወረቀት ነው፤ የዝርያውን ስም ሳይቆርጡ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይጽፉታል። ይሄ ምኑ ይደንቃል ትሉ ይሆናል። ስሙን የማልጠራው ሌላ ሻጭ ሲ57 ብላክ/6 የሚባለውን ጥቁር አይጥ «ጥቁር 6» ብሎ ብቻ ልኮልን፣ ከንዑስ ዝርያዎቹ ጄ ይሁን ኤን እስኪጣራ ሥራ ቆመ። ጄው ኤንኤንቲ የተባለው ዘረ-መል ከፊሉ የለውም፤ ይህ ዘረ-መል ደግሞ ማይቶኮንድሪያን (የሴሉን ኃይል ማመንጫ) ከኦክስጅን ጉዳት ይከላከላል። የዲኤንኤ ጉዳት የሚለካ ሰው ሁለቱን ማምታታት የለበትም።

ለሳንባ ከሆነ ነጩን ኤ/ጄ ግዙ፣ አታመንቱ። ዩሬቴን የተባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል አንዴ ተወግቶ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ሳንባውን አውጥታችሁ ፎርማሊን ስትሞሉበት፣ እንደ ዕንቁ የነጡ ክብ ክብ እብጠቶች ላዩ ላይ በዓይን ይቆጠራሉ። ጥቁሩ ሲ57 ብላክ/6 ያንኑ መጠን ተወግቶ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይበትም፤ ቢታይም አንድ ሁለት ቢሆን ነው። የልዩነቱ ትልቁ ድርሻ ያለው 6ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ኬራስ የተባለው ከካንሰር ጋር የተያያዘ ዘረ-መል ያለበት ቦታ ነው።

ለጉበት ሲ3ኤች የተባለው ዝርያ ይሻላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም በሁለት ዓመት ሙከራዎቹ ሲጠቀምበት የኖረው ቢ6ሲ3ኤፍ1 የዚሁና የጥቁሩ ክልስ ነው። ኬሚካል ሳይነካውም ጉበቱ ላይ ዕጢ ስለሚወጣ እኔ ብዙም አልወደውም።

ዲቢኤ/2 የተባለውን ዝርያ ስታዝዙ ግን ተጠንቀቁ። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለውን ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፍ መርዝ የሚያደርገው ሰውነት ራሱ ነው፣ በኢንዛይሞቹ። የጥቁሩ አይጥ ኤኤችአር ተቀባይ (ሴል ውስጥ ያለ፣ እንዲህ ያለውን ኬሚካል የሚይዝ ፕሮቲን) ኬሚካሉን አጥብቆ ይይዝና ኢንዛይሞቹን ይቀሰቅሳል፤ የዲቢኤው ግን ደካማ ነው። እንግዲህ ዲቢኤ ዳነ ማለት ነው? ኬሚካሉ በአፍ ሲሰጥ ነገሩ ይገለበጣል። እነዚያው ኢንዛይሞች አንጀትና ጉበት ላይ መርዙን ጠርገው ያስወግዱ ስለነበር፣ ዲቢኤው ላይ ሳይጠረግ አልፎ መቅኔውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ኬሚካሉ በየት በኩል እንደሚገባ ወስኑ።

ገንዘብ ካለ ዳይቨርሲቲ አውትብሬድ የሚሏቸው አሉ። ከ8 መነሻ ዝርያዎች የተዳቀሉ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይመስልም፣ መልካቸው እንኳ ዥንጉርጉር ነው። በ2015 በወጣ ጥናት እኩል የቤንዝን ትነት ሲተነፍሱ የአንዳንዱ ክሮሞሶም ክፉኛ ተጎዳ፣ የአንዳንዱ እምብዛም። ሰውም እንዲሁ ስለሆነ ይህን አይጥ ወድጄዋለሁ። ችግሩ፣ አንዱ የተለየ ውጤት ቢያሳያችሁና «ያንኑ ድገሙልኝ» ብትሉ ሁለተኛ የለውም፤ የእያንዳንዱን ዘረ-መል ማስነበብም ሌላ ወጪ ነው።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ኤ/ጄንና ጥቁሩን እኩል ቁጥር አዝዛችሁ ጎን ለጎን አስኪዱ። አለቃችሁ «ጥቁሩ ብቻ ይበቃል» ካለ ደግሞ የሳንባውን ፎቶ አሳዩት፣ የሁለቱንም።