ለእናቴ የተሸጠላት «ኢቲኤ»

ያ ጀመዓ፣ ሰላም ናችሁ? ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፣ ቃል ከከረረ ይቅር በሉኝ። ሦስት ሳምንት አፌን ይዤ ቆይቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው። ትናንት ግን እዚሁ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቡና ይዘን ስንጫወት አንድ የሰፈር ልጅ «ለአባቴ የካናዳ ኢቲኤ ላስጨርስለት ነው፣ ነገ 40 ሺህ ቀብድ እከፍላለሁ» አለኝ። ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቢሮው የት ነው ብለው ያው ፒያሳ፣ ያው ፎቅ፣ ያው ከረባት ያሰረ ሰውዬ።

ሁሉን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ይችን ይዞ ይሂድ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኢቲኤ (በኢንተርኔት የሚጠየቅ የጉዞ ፈቃድ) አውጥቶ ካናዳ መግባት የሚባል ነገር የለም። ውድ ስለሆነ አይደለም፣ ስለሚቆይም አይደለም፣ ለእኛ ፓስፖርት ጭራሽ አልተሠራም። ለእኛ ቪዛ ነው። «እናወጣልሃለን» የሚልህ ሰው የሚሸጥልህ ወረቀት ነው።

አሁን ታሪኩን ልንገራችሁ። እህቴ ካልጋሪ ነው የምትኖረው፣ የካናዳ ዜጋ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትደርስ እናቴ እንቅልፍ አጣች። ልጇ በሰው አገር ማን ገንፎ ሊያገነፋላት ነው? ከሐይቅ ከተማ ቅቤ አስመጣች፣ በርበሬ አስፈጨች፣ አጥሚት አዘጋጀች። ቪዛ የሚባለውን ነገር ገና ሳንጀምር ሻንጣው ሞልቷል።

ያን ሰሞን ለንደን የሚኖር የጎረቤታችን ልጅ ለዒድ መጥቶ ነበር። ጨዋታ ሲነሳ «እኔማ ካናዳ የሄድኩት በስልኬ ነው፣ 7 ዶላር ከፍዬ በደቂቃዎች ተፈቀደልኝ» አለ። እውነቱን ነው፣ ልጁ አልዋሸም። የእንግሊዝ ፓስፖርት አለው። እኛ ግን ፓስፖርቱን አልሰማንም፣ 7 ዶላሩን ብቻ ሰማን። እናቴማ በማግስቱ «ይች በስልክ የምትሆነዋ ነገር ለእኔ አትሆንም?» ብላ ያዘችኝ።

ፒያሳ የሄድነው በዚህ ነው። ሰውየው ቋንቋው ማር ነው። እናቴን «አብሽሪ እማ፣ አስር ቀን አይሞላም» አላት። ዋጋው 120 ሺህ ብር፣ ትኬቱን ጨምሮ። 40 ሺህ ቀብድ፣ ቀሪው ወረቀቱ ሲመጣ። የጠየቁን የፓስፖርቷን ፎቶ ብቻ ነው። የባንክ ስቴትመንት የለ፣ የእህቴ የጥሪ ደብዳቤ የለ፣ አሻራ የለ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፣ ለሰው ፎርም ስሞላ የምውል ሰው ነኝ። የማንንም ዲቪ እየሞላሁ የእናቴን ጉዳይ አልመረመርኩም።

በአራተኛው ቀን ወረቀቱ በቴሌግራም መጣ። ቀይ የሜፕል ቅጠል አለበት፣ ስሟ አለበት፣ ፎቶዋ አለበት፣ ከታች ማህተም የመሰለ ነገር አለበት። በገዛ ከለር ፕሪንተሬ አትሜ ላሚኔት አደረግኩት! እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ቀሪውን 80 ሺህ በባንክ አስገባሁ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን በሌሊት ተነስተን አዲስ አበባ ገባን፣ መርካቶ ዘመድ ቤት አደርን። ቦሌ ላይ ሸኚ ወደ ውስጥ አያስገቡም፣ እኔ ውጭ ቀረሁ። አርባ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ስልኬ ጠራ። እናቴ መሰለችኝ፣ ግን ቼክ ኢን ላይ ያለችው ሠራተኛ በእናቴ ስልክ ነበር የደወለችው። በጨዋ ደንብ ነው ያናገረችኝ። «ወንድሜ፣ እናትህ ትኬት የላቸውም፣ ቡኪንጉ ከተሰረዘ ቆይቷል። ትኬት ቢኖራቸውም ይህ ወረቀት ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሠራም፣ ቪዛ ነው የሚያስፈልጋቸው» አለችኝ። ከኋላ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል። «ልጄ፣ እስቲ ደግመሽ እዪው፣ ልጄ ራሱ ነው ያተመው» ትላታለች። ይቺ «ልጄ ራሱ ነው ያተመው» የምትለዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

ጋሪዋን እየገፋች ስትወጣ ምንም አልተናገረችኝም። ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ «አላህ ያላለው አይሆንም» አለች፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት። ያው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ኢቲኤ ማለት ቪዛ ለማይጠየቁ አገሮች ዜጎች የተዘጋጀ የጉዞ ፈቃድ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን የመሳሰሉ። በአውሮፕላን ሲሄዱ ቀድሞ ስማቸው እንዲጣራ ነው እንጂ ቪዛን የሚተካ አቋራጭ አይደለም። ዋጋው 7 የካናዳ ዶላር ብቻ፣ እስከ 5 ዓመት ወይም ፓስፖርቱ እስኪያልቅ ያገለግላል። የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? ይህ ፈቃድ ወረቀት እንኳ የለውም። በኢሜይል ተፈቅዷል ይሉሃል፣ ከፓስፖርት ቁጥርህ ጋር በኮምፒውተር ይያያዛል፣ አየር መንገዱ ፓስፖርቱን ሲያነብ እዚያው ያየዋል። ማተም የለ፣ ላሚኔት የለ። የእኛ ወረቀት ማማሩ ራሱ ምስክር ነበር።

ፎርሙን ራሴ ከፍቼ ሞከርኩት። መጀመሪያ ላይ ፓስፖርትህን የሰጠህ አገር የቱ ነው ይላል። ኢትዮጵያን ስትመርጥ ቪዛ ያስፈልግሃል ብሎ ይመልስሃል። በቃ፣ እዚያ ላይ በሩ ይዘጋል። እንግዲህ «ወጣልህ» የሚልህ ሰው ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ ወረቀቱን ራሱ በፎቶሾፕ ሠርቶታል፣ ወይ የሌላ አገር ዜጋ ነው ብሎ በስምህ ዋሽቶ ሞልቷል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ካናዳ በማመልከቻ ላይ ሐሰት ከተገኘብህ ለ5 ዓመት እንዳትገባ ትከለክላለች። ደላላው ነው የሞላው ብትል ማን ይሰማሃል፣ ስሙም ፓስፖርቱም የአንተ ነው። አሜሪካ ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ማጭበርበር እስከ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ላብ በላብ ሆንኩ። በእናቴ ስም የገባ ነገር እንደሌለ፣ ወረቀቱ ባዶ ፎርጅድ እንደሆነ ስናረጋግጥ «አልሀምዱሊላህ» አልን። 120 ሺህ ብር ተበልቶ አልሀምዱሊላህ ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው!

የትኬቱም ነገር እንዲሁ ነው። የሰጡን ቡኪንግ ነው፣ ትኬት አይደለም። ቡኪንግ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ አለው፣ ሳይከፈልበት ማንም ሊያስይዘው ይችላል፣ ካልተከፈለ ይሰረዛል። የተቆረጠ ትኬት ግን 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር አለው፤ የእኛው አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ይህ ቁጥር ከሌለ ብር አትስጡ። ካለም ወደ አየር መንገዱ ደውላችሁ ወይም ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ቢሮዎች ጠይቃችሁ አረጋግጡ፣ ለመጠየቅ አይከፈልም።

እነዚህ ሰዎች ካናዳ ላይ ብቻ የሚቆሙ እንዳይመስላችሁ። ለአሜሪካ «ኤስታ» ይሉታል። ኤስታ ያለ ቪዛ መግባት ለተፈቀደላቸው አርባ ገደማ አገሮች ዜጎች ነው፣ እኛ የለንበትም። ዋጋው 21 ዶላር ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 30 ቀን 2025 ጀምሮ 40 ገደማ ሆኗል። የእኛ ሰው አሜሪካን ለመጎብኘት 185 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ከፍሎ ኤምባሲ ቀርቦ ቃለ መጠይቅ ነው። ለእንግሊዝም እንዲሁ ኢቲኤ የሚባል አለ፣ እሱም ቪዛ ለማይጠየቁት ነው። አውሮፓ ሸንገን ደግሞ ለእኛ 90 ዩሮ ቪዛ ነው፣ ያውም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ተደርጓል። ስለዚህ «ሸንገን በሳምንት» የሚላችሁ ካለ ሳቁና ውጡ። ኬንያ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ የማንጠየቅበት አገር ነው፣ እሱንም «የናይሮቢ ቪዛ» ብሎ የሚሸጥ አይቻለሁ። የሌለውን ይሸጣል፣ የማያስፈልገውንም ይሸጣል።

ዘመዶቻችሁ የውጭ ፓስፖርት ካላቸው ነገሩ ሌላ ነው። ለእነሱ ኢቲኤው ትክክለኛ ነው። እነሱም ቢሆን በጉግል መጀመሪያ የመጣውን ድረ ገጽ ከፍተው 7 ዶላሩን 70 እና 100 ዶላር የሚከፍሉ አሉ፣ መንግሥት የሚመስሉ ግን የግል የሆኑ ድረ ገጾች ሞልተዋል። የካናዳው አድራሻ «ካናዳ ነጥብ ሲኤ» ነው፣ የአሜሪካው «ነጥብ ጎቭ» ብሎ ያልቃል፣ የእንግሊዙ «ነጥብ ጎቭ ነጥብ ዩኬ»። በሌላ ነገር ካለቀ ዝጉት።

ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ትክክለኛው መንገድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ይህን ማንም ፒያሳ ላይ አልነገረኝም። የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻው 100 የካናዳ ዶላር ነው፣ አሻራው 85፣ ድምሩ 185። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ አሻራ መስጠት ነው። አሻራ ሳይሰጥ የካናዳ ቪዛ አገኘሁ የሚል ሽማግሌ ካያችሁ ቀድሞ የሰጠ ነው፣ ወይም ዕድሜው ከ79 ያለፈ ነው፣ ሌላ ምክንያት ካለው ጠይቁት። የጥሪ ደብዳቤ፣ የልጅ የገቢ ማስረጃ፣ የልደት ካርድ፣ እዚህ ቤት ንብረት ካለ እሱ፣ ተመልሳ እንደምትመጣ የሚያሳይ ነገር ሁሉ ይያያዛል። እነዚህን አልጠየቀህም ማለት ማመልከቻ አላስገባልህም ማለት ነው።

ልጃችሁ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነ ደግሞ ሱፐር ቪዛ የሚባል አለ። ለወላጅና ለአያት ነው። አንዴ ገብቶ እስከ 5 ዓመት መቀመጥ ያስችላል፤ ተራው የጎብኚ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው። ወጪው ግን ቀላል አይደለም። ቢያንስ 100 ሺህ የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና መድን መግዛት አለ፣ የጤና ምርመራ አለ፣ የልጅየው ገቢም የተወሰነ ደረጃ መድረስ አለበት። ይህን ሁሉ አሟልተህም ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ «መቶ ፐርሰንት» የሚል ሰው ውሸታም ነው፣ የሚወስነው የካናዳ መንግሥት መኮንን እንጂ ደሴ ያለ ሰው አይደለም። ወረቀት በማደራጀት የሚረዱ ሐቀኛ ልጆች አሉ፣ ለድካማቸው ቢከፈላቸው አይከፋኝም። ግን የእናታችሁን ማመልከቻ ኢሜይልና የይለፍ ቃል እናንተ ያዙ። የእኛን ኢሜይል እነሱ ናቸው የከፈቱት፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም።

ሰውየው ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ «ሲስተሙ ነው» አለኝ። ቀጥሎ «እናትህ ቦሌ ላይ ተደናግጣ ነው» አለኝ። እዚህ ላይ እጄን ልሰነዝር ነበር፣ ጓደኛዬ ያዘኝ። ከዚያ አባቶች በሽምግልና ገቡ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰውየው 30 ሺህ መለሰና ቀሪውን «ወር ሲገባ» ብሎ ማለ። ወር ገባ፣ ስልኩ ተዘጋ። ከረባቱ ግን አሁንም ፒያሳ እንደሚታይ ትናንት ሰማሁ፣ አዲስ ስልክ ቁጥር ይዞ።

እናቴ የሱፐር ቪዛ ማመልከቻዋ ገብቷል፣ አሻራ ሰጥታለች፣ መልስ እየጠበቅን ነው። እህቴ በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ልጅ ነው፣ እናቴ በቪዲዮ ታየዋለች። ቅቤውን ለሰፈር አራስ ሰጥታዋለች።

እናንተም በዚህ ዓይነት የከፈላችሁ ካላችሁ ውስጥ ለውስጥ ጻፉልኝ። የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌግራም ንግግር፣ የላኩላችሁን ወረቀት፣ ያላችሁን ሁሉ አታጥፉት፣ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። እስካሁን አራት ሰው ሆነናል፣ አንዷ ከወልድያ ናት። ሰኞ ጠዋት አብረን ፖሊስ ጋ ክስ ልናስመዘግብ ነው። ያ 40 ሺህ ቀብድ ልከፍል ነው ያልከኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ብሩን ኪስህ አድርገህ መጀመሪያ እኔ ጋ ና፤ ላሚኔት ያደረግኳትን ወረቀት ላሳይህ።