ጥቁር መኪና ያላችሁ፣ ይህቺን የሁለት ሰዓት «ናኖ ሴራሚክ» እንዳትገዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ላቫጆ የገባ ሰው ይህቺን ሳይሰማ አይወጣም፦ «ናኖ ሴራሚክ፣ የሦስት ዓመት ዋስትና፣ ቡና ጠጥተው እስኪመለሱ ያልቃል!» ናኖ ሴራሚክ የሚሉት ቀለሙን እንዲጠብቅ መኪናው ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ነው። መኪናው ጥቁር ከሆነማ ልጆቹ ተሯሩጠው ነው የሚመጡት። ጭረት ነጭ መኪና ላይም አለ፣ ግን አይታይም። ጥቁር ምንም አይደብቅም።

የእህቴ ባል ጥቁር ኮሮላውን አሠራ። 8,000 ብር ከፈለ። ሲረከባት እውነትም ፊት ታሳይ ነበር። ጥቂት ጊዜ ከታጠበች በኋላ ግን ማታ ግቢ ውስጥ የስልክ ባትሪ አብርተን ኮፈኗን አየነው። መብራቱን የከበበ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት! ድሮ ከነበረው ብሷል። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥፍር የምታህል የደበዘዘች ቦታ አለች። ሄዶ ቢጠይቃቸው «ጋሼ፣ በመጥፎ ሳሙና አሳጥበዋት ነው፣ ዋስትናው ይህን አይሸፍንም» አሉት። ዋስትና የተባለው ወረቀት ማህተም እንኳን የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻካራ ፖሊሽ በማሽን ይነዱበታል። ፖሊሹ ውስጥ ያለው ቅባት ጭረቱን ሞልቶ ይሸፍነዋል። መኪናው ያብለጨልጫል፣ እናንተም ትከፍላላችሁ። ቅባቱ በሳሙና ሲለቅ፣ የድሮው ጭረት ማሽኑ የጨመረውን ይዞ ይመለሳል።

ይህ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት እንኳን ወደ 100 ይጠጋል። ማሽኑ የሚፍቀው ከዚያች ስስ ሽፋን ላይ ነው፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቶሎ ይበላታል። ቀለሙን ከፀሐይ የምትጠብቀው እሷ ናት። አንዴ ካለቀች እንደገና ከማስቀባት ሌላ መፍትሔ የለም።

እውነተኛ ሴራሚክ የለም አላልኩም። ግን መኪናው በደንብ ይታጠባል፣ ቀለሙ ላይ የተጣበቀው ቆሻሻ ይለቀማል፣ ጭረቱ ይስተካከላል፣ ቅባቱ በአልኮል ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። ከተቀባ በኋላም ለሰዓታት ከአቧራና ከውሃ ርቆ መድረቅ አለበት። ለቀናት መታጠብም የለበትም። ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት? ተዉኝ እስቲ!

ለማንም ከመክፈላችሁ በፊት ግማሽ ኮፈን ብቻ ፖሊሽ አሠሩ። የፋርማሲ አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ በንጹህ ማይክሮፋይበር ጥረጉት፣ ከዚያ ባትሪ አብሩበት። ጭረቱ ከተመለሰ፣ ተደብቆ ነው የቆየው። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለብዙዎቻችን ተራ የመኪና ሰም ይበቃል። መኪናው ታጥቦ ደርቆ፣ ጥላ ውስጥ፣ ላሜራው ሲነካ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀባል። በስሱ ነው፣ ማብዛት ማጽዳቱን ያከብድባችኋል እንጂ ጥቅም የለውም። በጣታችሁ ጠረግ ስታደርጉት ጠርቶ ከለቀቀ ደርቋል ማለት ነው፣ በንጹህ ጨርቅ አንሱት። መሬት የወደቀ ጨርቅ ግን ሳይታጠብ መኪናው ላይ አይመለስም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃለች።

ደግሞ ያ የዘበኛው የጠዋት ደረቅ ጨርቅ! ሰውየው በቅንነት ነው፣ ግን የአዲስ አበባን አቧራ በደረቁ መፈግፈግ በአሸዋ ወረቀት እንደመጥረግ ነው። ጉርሻውን ስጡት፣ ጨርቁን ተቀበሉት። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አቧራው ይውረድ። ከዚያ በመኪና ሻምፖ፣ በሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቂያ።

ቀድማችሁ ያሠራችሁ ደግሞ፣ «በነፃ ደግመን ፖሊሽ እናድርግላችሁ» ቢሏችሁ እሺ እንዳትሉ። ከተረፈችው ሽፋን ላይ ነው የሚቀንሱላችሁ። መጀመሪያ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ፈልጋችሁ፣ በተለይ ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን አስለኩ።