100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ በቤት ኢንቨርተር ላይ፦ ምን ይሰጣል፣ የት ያስቸግራል?

መብራት ሲጠፋ ራውተሩን፣ ጥቂት አምፖሎችንና ቴሌቪዥኑን የሚያቆይ ኢንቨርተር ያለበት ቤት ውስጥ ባትሪው መድከም ሲጀምር አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ያንኑ ጄል ባትሪ (አሲዱ የረጋ ዓይነት) መልሶ መግዛት ነው ወይስ ወደ ሊቲየም መሸጋገር? እዚህ የምንመዝነው ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውን 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ኢንቨርተሩ ጤነኛ ከሆነና ቢያንስ በ20 አምፔር የሚሞላ ቻርጀር ካለው ይግዙት፣ አይቆጩም። ለኮምፒውተር የተገዛ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ሊገጥሙት ካሰቡ ግን ገንዘብዎን ይያዙ።

100 አምፔር-ሰዓት በ12.8 ቮልት ሲባዛ 1,280 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ይህ ነው። እኩያው ጄል ባትሪ ወረቀት ላይ 1,200 ነው፤ ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ጄል ባትሪ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ በተግባር የሚጠቀሙበት 600ውን ነው። ሊቲየሙን 90 በመቶውን ቢጨርሱት ችግር የለውም። ኢንቨርተሩ ወደ 220 ቮልት ሲቀይር ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበላል፤ ያ ተቀንሶ ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ከሊቲየሙ 1,000 ዋት-ሰዓት ገደማ፣ ከጄሉ 520 ገደማ ነው። ወደ ቤት ዕቃ ስንመልሰው፣ ራውተርና የፋይበር ሳጥን 20 ዋት፣ ባለ 9 ዋት አራት አምፖሎች 36 ዋት፣ 43 ኢንች ቴሌቪዥን 70 ዋት ቢሆን ድምሩ 126 ዋት ነው። ኢንቨርተሩ በባዶው የሚበላው 15 ወይም 20 ዋት ሲታከልበት ሊቲየሙ ሰባት ሰዓት ያህል ይዘልቃል፣ ጄሉ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ ሊቲየሙ ቤተሰቡ እስኪተኛ ያደርሳል፤ ጄሉ ከዜናው በኋላ ብዙም አይቆይም።

የዕድሜው ሂሳብ ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። ጄሉን እስከ ግማሽ እያወረዱ 500 ዙር (አንድ ዙር ማለት አንዴ ሞልቶ ማራገፍ) ቢጠቀሙበት በሕይወት ዘመኑ የሚሰጠው 300 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ሊቲየሙ እስከ 80 በመቶ እየወረደ 3,000 ዙር ቢሠራ ከ3,000 ኪሎዋት-ሰዓት በላይ ይሆናል። ዋጋው የጄሉን ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ሚዛኑ ለሊቲየሙ ያደላል። ይህ ግን መብራት በየሁለት በየሦስት ቀኑ ለሚጠፋበት ሰፈር ነው፤ በወር አንዴ ለሚጠፋበት ቤት ጄሉ ይበቃል፣ ልዩነቱን ለሌላ ነገር ያውሉት። እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባለ ሞቃት ከተማ ግን ሂሳቡ እንደገና ይለወጣል። አሲድ ያለበት ባትሪ ሁሉ፣ ጄሉን ጨምሮ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ሊቲየሙ ሙቀት በመቻል ይሻላል፤ ቢሆንም ብዙዎቹ ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይሞሉ አምራቾቹ ያስጠነቅቃሉ፣ ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ፤ ትልቅ ባትሪ ሰዓት ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር 500 አምፔር-ሰዓት ቢታሰርለትም ያው ባለ 1,000 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚጎትት በ12 ቮልት ወደ 300 አምፔር ይፈልጋል፤ ከዚህ ባትሪ ጋር የሚታሰብ አይደለም። ፍሪጅ ይቻላል፤ ግን ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ለቅጽበት የመደበኛውን ብዙ እጥፍ ይጎትታል፣ ኢንቨርተሩም ንጹህ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ፣ መሆን አለበት። ርካሾቹ በሚያወጡት የተቆራረጠ ሞገድ ሞተር ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ ውሎ አድሮም ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ወደ ዩፒኤሱ። የተለመደው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ነው። የተሠራው ፋይል ሴቭ አድርጎ ኮምፒውተር ለመዝጋት፣ ማለትም ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ትራንስፎርመሩና ትራንዚስተሮቹ የተቀመጡበት አሉሚኒየምም ለዚያች ደቂቃ ብቻ ተለክተው የገቡ ናቸው። ብዙዎቹ ፋን እንኳ የላቸውም። ገመድ አውጥቶ 100 አምፔር-ሰዓት የሚያስርበት ሰው የደቂቃዎቹን ማሽን የሰዓታት ሥራ ያሠራዋል። መጀመሪያ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ትራንዚስተሮቹ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ የብዙ ኢንቨርተሮች መመሪያም ከተወሰነ ከፍታ በላይ ጭነት ቀንሱ ይላል። ሁለተኛው ችግር ቻርጀሩ ነው። የትንሽ ዩፒኤስ ቻርጀር 1 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ባዶ የሆነ 100 አምፔር-ሰዓት በ1 አምፔር ለመሙላት ከአራት ቀን በላይ ይፈልጋል፤ በመሃል መብራት ሁለቴ ከጠፋ ባትሪው መቼም አይሞላም። ሦስተኛው ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። በአንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች ውስጥ የባትሪው ወገን ከ220 ቮልቱ ያልተለየ ሊሆን ስለሚችል ገመዱን ከሳጥኑ ውጭ ማውጣት ማለት የሚነዝር ጫፍ ወለል ላይ ማሳደር ነው። መኪና ባትሪ ማሰርም መፍትሔ አይደለም። ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ስለሆነ እስከ ታች መውረድ አይችልም፤ ሲሞላም ሃይድሮጂን ይተፋል።

ኢንቨርተሩ ተስማሚ ከሆነ ባትሪውን ከማሰር በፊት ሴቲንጉ ይስተካከላል። መሙያው ከ14.2 እስከ 14.4 ቮልት፣ ከሞላ በኋላ የሚያቆየው 13.5 ወይም 13.6፣ ባትሪው ሲወርድ ኢንቨርተሩ የሚያቆምበት መቁረጫ ከ11.5 እስከ 12 ቮልት፣ የሚሞላበት ፍጥነት ከ20 እስከ 50 አምፔር። ማሽኑ የሊቲየም ምርጫ ከሌለው ጄል የሚለው ይሠራል፤ 14.1 ወይም 14.2 አካባቢ ስለሚቆም ባትሪው ጥቂት ሳይሞላ ይቀራል፣ ጉዳት ግን የለውም። መጥፋት ያለበት ኢኳላይዜሽን የሚባለው ነው። እሱ ለውሃ ባትሪ ተብሎ ቮልቴጁን ወደ 15 እና ከዚያ በላይ ይሰድዳል፤ በዚህ ጊዜ የሊቲየሙ መቆጣጠሪያ፣ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ራሱን ይቆርጣል። ሰዉ «ሲሞላ ሲሞላ በድንገት ይጠፋል» እያለ ባትሪ የሚያስቀይረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

የኢንቨርተሩን የባትሪ መጠን ማሳያም ከእንግዲህ አያምኑት። ማሳያው ቮልቴጅ አይቶ ነው የሚገምተው፤ የሊቲየም ቮልቴጅ ደግሞ ከላይ እስከ ታች 13 አካባቢ ተኝቶ ይቆይና መጨረሻ ላይ ገደል ይገባል። ሦስት ሰዓት ሙሉ «ሙሉ ነው» ሲል የቆየ ማሽን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊጮህ ይችላል። ትክክለኛውን ለማወቅ ኔጌቲቩ ላይ ሻንት (አምፔር የሚለካበት ትንሽ የብረት ቁራጭ) ያለው መለኪያ ማስገባት ነው፤ የገባና የወጣውን አምፔር ይቆጥራል።

ከኢንቨርተሩ ጀርባ ወይም ሜኑው ውስጥ ዩፒኤስ (ለኮምፒውተር) እና ኤፒኤል (ለቤት ዕቃ) የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ካሉ እነሱንም ይመልከቱ። በዩፒኤስ ምርጫ ብዙውን ጊዜ ከ170 ቮልት በታች ያለውን መብራት «የለም» ብሎ ወደ ባትሪ ይሻገራል፤ በኤፒኤል እስከ 90 ድረስ ይታገሣል። ምሽት ላይ ቮልቴጅ ወደ 165 በሚወርድበት ሰፈር፣ መብራት እያለ ባትሪው ሲያልቅ የሚያድረው በዚህ የተነሳ ነው። ኮምፒውተር ከሌለ ኤፒኤል ይሻላል፤ ለመሻገር ከ10 ሚሊ ሰከንድ ይልቅ 20 ይፈጅበታል፣ ራውተሩ ላያውቀው ይችላል። ስታብላይዘር ካለ ከኢንቨርተሩ በፊት ይሁን።

ገመዱ ላይ ሰው ይቆጥባል፤ ቁጠባው ግን ይቃጠላል። 1,000 ዋት በ12 ቮልት፣ የኢንቨርተሩ ኪሳራ ተጨምሮ፣ ወደ 95 አምፔር ነው። መዳብ ባለ 6 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊሜትር) ገመድ፣ መሄጃና መመለሻው 2 ሜትር ቢሆን፣ በ100 አምፔር 0.58 ቮልት ይጥላል፤ ገመዱ ራሱ 58 ዋት እየበላ ይሞቃል ማለት ነው። በባለ 25 ስኩዌር ይህ ወደ 0.14 ቮልት ይወርዳል። ስለዚህ 25 ወይም 35 ስኩዌር፣ እያንዳንዱ ገመድ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ። የገመዱ ጫፍ በመዳብ ተርሚናል በመጨበጫ ማሽን ይጨበጣል፤ በፒንሳ ተጨብጦ በናስትሮ የተጠቀለለ ጫፍ መጀመሪያ የሚላላው እሱ ነው። 125 አምፔር ፊውዝ ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው 20 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ይግባ። መሃል ላይ ቢገባ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ገመድ ጠባቂ የለውም።

የመጨረሻዋን ገመድ ሲያስነኩ ብልጭታ ይታያል፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) በቅጽበት ሲሞሉ ነው። ባለ 21 ዋት የመኪና አምፖል በፖዘቲቩና በገመዱ መካከል ለጥቂት ሰከንድ ያስነኩ፤ ይበራል፣ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ገመዱን ይሰሩ። የብሎኑም ጫፍ አይቃጠልም፣ ቢኤምኤሱም በአጭር ዑደት ተሳስቶ አይቆርጥም።

ከኢንቨርተሩ የሚወጣውን 220 በሁለቱም በኩል ስፒና ባለው ገመድ ግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት ደግሞ ሰው ይገድላል። ወደ ቆጣሪውና ወደ ውጭ መስመሩ ይመለሳል፤ መብራቱ ሲመጣም ኢንቨርተሩን ያቃጥላል። መስመር መለወጫ ማብሪያ ኤሌክትሪሻን ይግጠምለት።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ ስቲከሩ ላይ 12.8 ቮልት ይላል? 11.1 ቮልት ከተጻፈ ሌላ ዓይነት ሊቲየም ነው፤ ሲሞላ 12.6 ላይ ስለሚያበቃ 14.4 የሚሰጥ ቻርጀር አይስማማውም፣ ለእሳትም ይበልጥ ቅርብ ነው። ሁለተኛ ሚዛን። እውነተኛ 100 አምፔር-ሰዓት ሴል አንዱ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አራቱ 8፣ ከሳጥኑና ከመቆጣጠሪያው ጋር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይሆናል። 6 ኪሎ የሚመዝን «100» ውስጡ 50 ነው። ሦስተኛ ሻጩ ጋር የመመለሻ ጊዜ ተነጋግሮ ቤት ውስጥ መፈተን። ሙሉ ቻርጅ ካደረጉ በኋላ 200 ዋት የሚሆን ጭነት፣ ለምሳሌ ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎች፣ ያብሩና ሰዓት ይያዙ። አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢቆይ ባትሪው ልክ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከጠፋ ውስጡ ያለው 63 አምፔር-ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ይመልሱት።

ባትሪው ጨርሶ ከወረደ ቢኤምኤሱ ይዘጋና በቴስተር ሲለካ ዜሮ ያሳያል። አልሞተም። አንዳንድ ኢንቨርተሮች ግን ዜሮ ቮልት ካዩ «ባትሪ የለም» ብለው መሙላት አይጀምሩም። ለብቻው ባለ 14.4 ቮልት የሊቲየም ቻርጀር ለጥቂት ደቂቃ ሲታሰርለት ይነቃል። መቁረጫውን 11.5 ላይ ማድረጉ ከዚህ ጣጣ ስለሚያድን ነው ከላይ የጠቀስነው።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ ይዞልን ይምጣ ለሚሉ፦ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፤ በእጅም በካርጎ ሻንጣም። ባትሪና ኢንቨርተር በአንድ ሳጥን ከሚሸጡት 256 ዋት-ሰዓት ያላት ኢኮፍሎው ሪቨር 2 እንኳ አታልፍም፣ 1,024 ያለው ዴልታ 2ማ አይነሳም። በባሕር ቢመጣም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ሳጥን 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው የሚያወጣው።

ኋላ ሁለተኛ ባትሪ መጨመር ቢፈለግ ያው መጠንና ያው አምራች ይሁን። አሮጌውን ጄል ከሊቲየሙ ጋር ጎን ለጎን ማሰር አይቻልም፤ የሁለቱ ቮልቴጅ ስለማይገጥም አንዱ ሌላውን ሲያራግፍ ይኖራል። ሁለቱ ሊቲየሞች ለየብቻ እስከ መጨረሻ ይሞሉና የሁለቱ ልዩነት ከ0.1 ቮልት ሲያንስ ይገናኛሉ። የኢንቨርተሩ ፖዘቲቭ ከአንደኛው ባትሪ፣ ኔጌቲቩ ከሁለተኛው ይወሰድ፤ ሁለቱም ከአንዱ ከተወሰዱ ያኛው ይበልጥ ይሠራል፣ ቀድሞም ያረጃል። ከወር በኋላ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ ይፈትሹ፤ ጭነት ላይ እያለ በእጅ ሲነካ የሚሞቅ ተርሚናል ካለ ኢንቨርተሩን አጥፍቶ ያንን መፍታት፣ ማጽዳትና መልሶ ማጥበቅ ነው።